የታይሮይድ ማነስ ላለባችሁ፦ ስለ አንቲኦክሲዳንት ኪኒኖች የተማርኩት

የታይሮይድ ማነስ፣ ማለትም አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ በቂ ሆርሞን አለማመንጨት፣ እንዳለብኝ የሚያውቁ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «አንቲኦክሲዳንት ትወስጃለሽ? የትኛውን?» ይሉኛል። አንቲኦክሲዳንት የሚባለው ሕዋስን የሚጎዱ ሞለኪውሎችን የሚያበርድ ንጥረ ነገር ነው። አንዷ ሴሊኒየም የሚባለውን ማዕድን ጀምራለች። ሌላዋ ቫይታሚን ኢ። ሌላዋ ደግሞ «ለታይሮይድ ድጋፍ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ከአሜሪካ ተልኮላት ልክፈተው ወይስ ይቅርብኝ እያለች ታመነታለች። ለእያንዳንዷ በስልክ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው አልኩ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። በታይሮይድ ማነስ ውስጥ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ (እነዚያ ሞለኪውሎች በዝተው የሚያደርሱት ጉዳት፤ ወደ ታች አብራራዋለሁ) መኖሩ እውነት ነው። የሻጮች ፈጠራ አይደለም። ነገር ግን መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ሆርሞኑ ነው። በልክ የታዘዘና በሰዓቱ የተዋጠ ሌቮታይሮክሲን፣ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካው ኪኒን፣ ከየትኛውም የቫይታሚን ጠርሙስ ይቀድማል። ሌላው ከዚያ በኋላ ይታያል። አንዳንዱ ደግሞ ኪኒኑ እንዳይሠራ ወይም ምርመራው እንዳይታመን የሚያደርግ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከበሽታው ጋር ዓመታት የኖርኩ፣ ሐኪሞቼን በጥያቄ ያደከምኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ያነበብኩ ሰው ነኝ። የምጽፈውን ይዛችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁበት።

የእኔ ሕመም የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። ጠዋት ስነሳ ጭራሽ ያልተኛሁ ያህል ይደክመኛል። ሰው ፀሐይ ሲሸሽ እኔ ጋቢ እፈልጋለሁ። ሆዴ ይደርቃል፣ ፀጉሬ በማበጠሪያው ተነቅሎ ይወጣል፣ የማውቀው ሰው ስም ይጠፋኛል። የምበላው ሳይጨምር ክብደቴ ጨመረ። ብዙዎቻችን እንዲህ ሲያደርገን ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ደም ማነስ ነው እያልን እናልፈዋለን። በመጨረሻ ደም ሰጥቼ ስመረመር ቲኤስኤች የሚባለው (አንጎል ታይሮይድን «ሥራ» የሚልበት ሆርሞን፤ ታይሮይድ ሲያንስ ከፍ ይላል) ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ፣ እጢው ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን ቲ4 ደግሞ ወርዶ ተገኘ። የታይሮይድ አንቲቦዲም፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ በእጢው ላይ የሚያመርተው ፕሮቲን፣ ነበረኝ። ሃሺሞቶ ነው ተባልኩ። ስሙ ሃካሩ ሃሺሞቶ ከተባለው ጃፓናዊ ሐኪም የመጣ ነው። በሽታውን በ1912 የገለጸው እሱ ነው። (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ሀገር ታይሮይድ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን እንቅርት ነው፤ እንቅርት ሲባል ደግሞ የጨው አዮዲን። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከመነሳቱ በፊት ጨዋችን በብዛት ከአሰብ ይመጣ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ያ መንገድ ሲዘጋ አዮዲን ያለው ጨው ከገበያው ጠፋ። የአፋሩ የአፍዴራ ጨው ተተካ፤ ለረጅም ጊዜም አብዛኛው አዮዲን ያልተጨመረበት ነበር። ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ገደማ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ወደ 89 በመቶ ደረሱ። ትልቅ ለውጥ ነው፤ ደስ ይላል። ሃሺሞቶ ግን የአዮዲን እጥረት አይደለም። የሰውነት መከላከያ ራሱ እጢውን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። አዮዲን በማብዛት አይድንም። ጭራሽ ሊብስ ይችላል።

አሁን ወደ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ልግባ። እኔን በጣም የገረመኝ ይህ ክፍል ነው።

ሰውነታችን ኦክስጅንን ተጠቅሞ ኃይል ሲያመነጭ ቁጡ የሆኑ ሞለኪውሎች አብረው ይፈጠራሉ። ሰውነት እነሱን የሚያበርድበት የራሱ መከላከያ አለው። የሚፈጠረው ከሚበርደው ሲበልጥ የሕዋስ ቅባት፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ይጎዳሉ። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባለው ይኸው ነው። የታይሮይድ እጢን ልዩ የሚያደርገው ደግሞ ከነዚህ አንዱን፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን፣ ሆን ብሎ ራሱ መሥራቱ ነው። ቁስል ለማጠብ የሚያገለግለው ያው ኬሚካል ነው። አዮዲንን ከፕሮቲን ጋር አያይዞ ሆርሞን ለመሥራት ያለ እሱ አይሆንለትም። ስለዚህ እጢው እሳት ዳር ተቀምጦ እንደሚሠራ አንጥረኛ ነው። እሳቱን ያስፈልገዋል፤ እንዳያቃጥለው ደግሞ መከለያ ይፈልጋል። ዋናው መከለያ ግሉታታይዮን ፐርኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ሲሆን ሴሊኒየም ከሌለ አይሠራም። ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ በክብደቱ ልክ ሲመዘን ብዙ ሴሊኒየም የሚገኘው በታይሮይድ ውስጥ የሆነው ለዚህ ነው። ቲ4ን ወደሚሠራው ቲ3 የሚቀይሩት ኢንዛይሞችም ሴሊኒየም የያዙ ናቸው።

ሆርሞኑ ሲያንስ የሰውነት እሳት ስለሚቀዘቅዝ ኦክሲዴቲቭ ስትረስም የሚቀንስ ይመስላል። የታይሮይድ ማነስ ያለባቸውን ሰዎች ደም የመረመሩ ብዙ ጥናቶች ግን ተቃራኒውን አግኝተዋል። ማሎንዳይአልዲሃይድ የሚባለው የቅባት መበላሸት ምልክት ከፍ ብሎ ታይቷል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በሃሺሞቶ እጢው ውስጥ ያለው ቁጣ አንዱ ነው። ሌላው ኮሌስትሮል ነው። ሆርሞኑ ሲያንስ ጉበት ኤልዲኤል የሚባለውን ኮሌስትሮል ከደም ውስጥ በደንብ አያነሳም። ደም ውስጥ ብዙ የቆየ ኤልዲኤል ደግሞ ይበላሻል፤ የደም ሥርንም ይጎዳል። ሆርሞኑ በኪኒን ሲተካ ኮሌስትሮሉ ይወርዳል። በብዙዎቹ ጥናቶች የኦክሲዴቲቭ ስትረስ ምልክቶቹም አብረው ቀንሰዋል። እኔም ኮሌስትሮሌ ከፍ ብሎ ነበር። ለኮሌስትሮል ሌላ መድኃኒት ሳልጀምር፣ የታይሮይዱ መጠን ሲስተካከል ወረደ።

ለዚህ ነው ሌቮታይሮክሲን ይቀድማል የምለው።

እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። መታመሜን ስትሰማ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ሁሉ ቫይታሚን መላክ ጀመረች። ውጭ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ፍቅር ነው። ሴሊኒየም፣ ቫይታሚን ኢ፣ መልቲቫይታሚን፣ ለፀጉርና ለጥፍር የሚሆን፣ እንዲሁም ያ «ለታይሮይድ ድጋፍ» የሚለው ጠርሙስ። ሁሉም ላይ አንቲኦክሲዳንት የሚል ቃል አለ።

ከሁሉ ይልቅ ልትጠነቀቁት የሚገባው የፀጉሩ ነው። ውስጡ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን አለ፤ በአንዱ እንክብል 10,000 ማይክሮግራም። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 30 ማይክሮግራም አካባቢ ነው። ባዮቲን ራሱ መርዝ አይደለም። ችግሩ ላብራቶሪው ውስጥ ነው። ብዙ የሆርሞን መመርመሪያ ማሽኖች ውጤቱን ለማንበብ የሚጠቀሙት ራሱን ባዮቲንን ነው። በደማችሁ ውስጥ ሲበዛ ማሽኑ ይሳሳታል። ቲኤስኤችን ከእውነተኛው ዝቅ፣ ቲ4ን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ማለትም ታይሮይዷ ያነሰባትን ሴት የበዛባት ያስመስላታል።

እኔን ያጋጠመኝ ይኸው ነው። ለክትትል የሰጠሁት ደም ውጤት ሲመጣ ቲኤስኤች ወለል ላይ ነው፤ ቲ4 ከጣሪያው በላይ። በወረቀቱ ከሄድን የኪኒኔ መጠን መቀነስ ነበረበት። እኔ ግን ይበርደኛል፣ ይደክመኛል፣ ልቤም ቀስ ብሎ ነው የሚመታው። ዶክተሯ ወረቀቱን አየችና እኔን አየችኝ።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም ዶክተር፤ ቫይታሚን ብቻ ነው።»

«ምን ምን?»

ቆጠርኩላት። የፀጉሩ ጋ ስደርስ እጇን አነሳች። አቁሜ ቆይቼ እንደገና ደም እንድሰጥ አዘዘችኝ። በድጋሚው ምርመራ ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ተገኘ። የሚያስፈልገኝ መጠኑን መጨመር እንጂ መቀነስ አልነበረም። ባትጠይቀኝ ኖሮ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆንብኝ ነበር።

የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኤፍዲኤ በዚህ ጉዳይ በ2017 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የልብ ሕመምን ለመለየት የሚደረግ የትሮፖኒን ምርመራ በባዮቲን ምክንያት ዝቅ ብሎ ተነቦ የሞተ ሰው እንዳለም በዚያው ገልጿል። የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር ምክር ከታይሮይድ ምርመራ በፊት ቢያንስ ለ2 ቀን ባዮቲን እንዲቆም ነው። በጣም ከፍ ያለ መጠን የሚወስድ ሰው ከዚያም በላይ መቆየት ሊኖርበት ስለሚችል ሐኪሙን ይጠይቅ። ደም ለመስጠት ስትሄዱ የባዮቲኑን ነገር ሳትጠየቁ ተናገሩ። የሚቀዳችሁ ባለሙያ ላይጠይቃችሁ ይችላል።

ሴሊኒየም ከበድ ያለ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ከጀርባው እውነተኛ ሳይንስ አለ። በ2002 በታተመ የጀርመን ጥናት ሃሺሞቶ ያለባቸው ሴቶች በቀን 200 ማይክሮግራም ለ3 ወር ሲወስዱ አንቲቦዲያቸው ቀንሷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናቶች ተሠርተዋል። አንቲቦዲው መቀነሱ በተደጋጋሚ ታይቷል። እኔ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው። ድካሜ ይቀንሳል ወይ? የኪኒኔ መጠን ይቀንሳል ወይ? ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በ2013 ባወጣው ግምገማ ይህን ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። ዋና ዋናዎቹ የሕክምና መመሪያዎችም ሃሺሞቶ ያለበት ሁሉ ሴሊኒየም ይውሰድ አይሉም። ሐኪሞች በጊዜ ገደብ የሚያዙት አንድ ሌላ ሁኔታ አለ፤ እሱም ታይሮይድ በዝቶባቸው ዓይናቸው በመጠኑ ለተጎዳ ሰዎች ነው። የዚያን ሰው መድኃኒት አይቶ እኔም ልውሰድ ማለት ግን አይሆንም። በሽታው ሌላ ነው።

ሴሊኒየም ከሚጠቅምበት መጠን እስከሚጎዳበት ያለው ርቀት አጭር ነው። አዋቂ ሰው በቀን 55 ማይክሮግራም ይበቃዋል። አሜሪካኖች ከ400 በላይ አትለፉ ይላሉ። የአውሮፓ ምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2023 ጣሪያውን ወደ 255 አውርዶታል። ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ ስሙኝ። ፀጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ይሰባብራል፣ ትንፋሽን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ያሰኛል፣ ያደክማል። ፀጉሯ እየረገፈ ሴሊኒየም የጀመረች ሴት መርገፉ ሲብስባት መጠኑን ልትጨምር ትችላለች። በ2008 አሜሪካ ውስጥ በስህተት ከተጻፈበት 200 እጥፍ ገደማ ሴሊኒየም የተጨመረበት ፈሳሽ ሰፕሊመንት (የምግብ ማሟያ) ተሽጦ 201 ሰው ታሟል። ብዙዎቹ ፀጉራቸው ረግፏል።

ስለዚህ የጠርሙሶቹን ጀርባ እያነበባችሁ ደምሩ። እኔ ስደምር የሴሊኒየሙ ብቻ 200 ነበር። «ለታይሮይድ ድጋፍ» ያለው ሌላ 200። መልቲቫይታሚኑ ደግሞ 70። ሦስቱን አንድ ላይ የሚውጥ ሰው 470 ማይክሮግራም ሊወስድ ነው። ከምግብ የሚያገኘው ገና አልተቆጠረም። ውጭ ያላችሁ ደግሞ የብራዚል ለውዝን ልብ በሉ። አንዷ ፍሬ ብቻ ከ68 እስከ 91 ማይክሮግራም ልትይዝ ትችላለች። በእፍኝ የሚበላ ነገር አይደለም።

በእኛ ሀገር የሴሊኒየም እጥረት የለም ማለቴ አይደለም። በእህል ውስጥ ያለው ሴሊኒየም በአፈሩ ይወሰናል። በ2021 የታተመ የኢትዮጵያና የማላዊ እህል ጥናት ጤፉም ስንዴውም ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ አሳይቷል። እንቁላል፣ ዓሣና ሥጋ ሴሊኒየም አላቸው፤ አብዛኛውን ዓመት የሚጾም ሰው ደግሞ እነዚህን ብዙም አይቀምስም። እውነተኛ እጥረት ያለበት ሰው መውሰዱ ተገቢ ነው። የምለው በሐኪም ይሁን፣ መጠኑ ይታወቅ፣ ማብቂያ ይኑረው ነው። እኔ ከዶክተሯ ጋር ተነጋግሬ የሴሊኒየሙን ጠርሙስ ትቼዋለሁ። በማልጾምበት ጊዜ እንቁላል እበላለሁ።

ቫይታሚን ኢና ካሮት ውስጥ የሚገኘው ቤታ ካሮቲን ላይ ብዙ አልቆይም፤ ጉዳያቸው በትልልቅ ጥናቶች ተፈትኗል። ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት በ1994 ሲወጣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ከ35,000 በላይ ወንዶች በተሳተፉበት የሰሜን አሜሪካ ጥናት ደግሞ ቫይታሚን ኢ በቀን 400 ዩኒት የወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ጨመረ። አንቲኦክሲዳንት ሁሉ ሲጨመር ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ እዚያ ላይ ተሰብሯል። ሰውነት እነዚያን ቁጡ ሞለኪውሎች ለመልእክትና ጀርም ለመግደልም ይጠቀምባቸዋል። ጨርሶ ማጥፋት ዓላማው አይደለም። ካሮት ጭማቂ ለምታበዙ ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። ታይሮይድ ሲያንስ ሰውነት ቤታ ካሮቲንን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው በዝግታ ነው። መዳፍ ቢጫ የሚሆነው አንዳንዴ ከዚህ ነው። ጉበቴ ነው ብላችሁ አትደንግጡ፤ ግን አሳዩት።

«ለታይሮይድ ድጋፍ» የሚሉት ውስጥ ብዙ ጊዜ ኬልፕ አለ። ኬልፕ የባሕር አረም ነው፤ የአዮዲኑ መጠን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ከሚያስፈልገን 150 ማይክሮግራም ብዙ እጥፍ ሊሆንም ይችላል። ከዚህ የሚብሰው በ2013 የታተመው ምርመራ ነው። ገበያ ላይ ያሉ 10 የታይሮይድ ሰፕሊመንቶች ሲመረመሩ 9ኙ ውስጥ እውነተኛ ሆርሞን፣ ቲ3፣ ተገኘ። ጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም። አሜሪካ ውስጥ ሰፕሊመንት ከመሸጡ በፊት የኤፍዲኤ ፈቃድ አያስፈልገውም። ሕጉ ከ1994 ጀምሮ እንዲህ ነው። «ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ ተመርምሯል» የሚለው አባባል ለመድኃኒት እንጂ ለሰፕሊመንት አይሠራም። ይህንን ለእህቴ ስነግራት እሷም ገርሟት ነበር። እዚያው እየኖረች አታውቀውም ነበር።

አሁን ወደ ጠዋቱ ኪኒን ልመለስ። ብዙዎቻችን የምንጎዳው እዚህ ጋ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጣል። ከዚያ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ምንም አይበላም። ምንም ሲባል ቡናም ጭምር ነው። ቡና ኪኒኑ ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሰዋል። ለእኛ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ቤት ውስጥ ጀበናው ገና በማለዳ ይጣዳል፤ አንድ ስኒ ሳይቀምሱ ቀኑ አይጀመርም። እኔ ኪኒኑንና የውሃ ብርጭቆውን አልጋዬ አጠገብ አድርጌአለሁ። ዓይኔን ስገልጥ እውጠዋለሁ። ፊቴን ታጥቤ፣ ልብሴን ለብሼ፣ ቤቱን እስካስተካክል ሰዓቱ ያልፋል። ቡናው ከዚያ በኋላ ነው።

ብረትና ካልሲየም ከኪኒኑ ቢያንስ 4 ሰዓት መራቅ አለባቸው። እዚያው ሆድ ውስጥ ይይዙታል። ብዙ መልቲቫይታሚኖች ሁለቱንም ይይዛሉ። ጠዋት ኪኒኗንና መልቲቫይታሚኗን አንድ ላይ የምትውጥ ሴት የታይሮይድ መድኃኒቷን ከፊሉን እያባከነች ነው። ደም ማነስ ያለባችሁ ብረቱን ወደ ማታ አድርጉት። በጾም የአኩሪ አተር ወተት የምትጠጡም ከኪኒኑ አርቁት።

ጨጓራ ሌላው ነው። ከእኛ ሰው ጨጓራዬን የማይል ጥቂት ነው። ኪኒኑ በደንብ እንዲሟሟ የሆድ አሲድ ያስፈልገዋል። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ያስቆጣው ጨጓራም ሆነ ኦሜፕራዞልን የመሰለ አሲድ ቀናሽ የሚያስፈልገውን መጠን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። መጠኑ እየተጨመረ ቲኤስኤች አልወርድ ያላችሁ ከሆነ የጨጓራውን ነገር ለሐኪሙ አንሱት። በትንንሽ ጥናቶች፣ ጨጓራቸው የታመመ ሰዎች ኪኒኑን ከቫይታሚን ሲ ጋር ሲወስዱ ቲኤስኤች የተሻለ ወርዷል። እዚህ ቫይታሚን ሲ የጠቀመው አንቲኦክሲዳንት በመሆኑ ሳይሆን አሲድ በመሆኑ ይመስላል። በራሳችሁ አትጀምሩት እንጂ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ጾም ላይ ኪኒን የሚያቆሙ ሰዎች አውቃለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው የጠዋት ውሃ ይከብዳል። ለዚህ ሐኪሜ የነገረችኝ መላ አለ፤ በማታ መዋጥ። ከራት በኋላ 3 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ሊተኙ ሲሉ። በ2010 የታተመ የሆላንድ ጥናት በመኝታ ሰዓት መውሰድ እንደሚሠራ፣ በተጠኑት ሰዎች ላይ እንዲያውም የተሻለ እንደሆነ አሳይቷል። ለረመዳንም ይሆናል። ዋናው ሰዓቱ የረጋ መሆኑ ነው። ከንስሐ አባት ጋርም መነጋገር ጥሩ ነው፤ እኔን የነገሩኝ መድኃኒቴን እንዳላቋርጥ ነው።

አዲስ አበባ ላይ አንዳንዴ የለመድነው የመድኃኒት ዓይነት ይጠፋና የሌላ ፋብሪካ ይሰጠናል። ያው ሌቮታይሮክሲን ነው፤ ቢሆንም ወደ ደም የሚገባው መጠን ትንሽ ሊለያይ ስለሚችል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ቲኤስኤችን ማየት ይገባል። መጠን ሲቀየርም እንዲሁ ነው። ከዚያ በፊት መመርመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሆርሞኑ ደም ውስጥ ለመርጋት ጊዜ ይፈልጋል። ኪኒኑን ከማሸጊያው አውጥታችሁ ሌላ ዕቃ ውስጥ አትገልብጡት። ብርሃን፣ ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል።

ምግብን በተመለከተ የሚወራው ብዙ ነው። «ጎመን ተይ» ያለችኝ ሰው ብዛቷ! አዮዲን ያለው ጨው ለሚጠቀም ሰው የበሰለ ጎመን በልኩ ችግር የለውም። እኔ እበላለሁ። ጥቁር አዝሙድ ላይ ኢራን ውስጥ ጥናት ተሠርቷል። ሃሺሞቶ ያለባቸው 40 ሰዎች ነበሩ፤ በቀን 2 ግራም ለ8 ሳምንት የወሰዱት ላይ ቲኤስኤችና አንቲቦዲው ቀንሷል። ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ግን 40 ሰው ጥቂት ነው። ዳቦዬ ላይና ምግቤ ውስጥ አለ፤ እንደ መድኃኒት ግን አልመዝነውም። ሽፈራውም፣ እርዱም፣ ቲማቲሙም በምግብነታቸው ጥሩ ናቸው። ከምግብ የሚገኝ አንቲኦክሲዳንት ብዙ ነገር አብሮት ይመጣል፤ በኪኒን መልክ እንደሚታጨቀውም አይበዛም። የምትኖሩት የትም ይሁን፣ ሰፕሊመንት ከመጀመራችሁ በፊት ብረት፣ ቫይታሚን ዲና ቢ12 ተመርመሩ። ለእኔ ድካሙን የቀነሰልኝ የኪኒኑ መጠን መስተካከልና የጎደለኝን ብረት መተካት ነው። ብረቱ ማታ፣ ኪኒኑ ጠዋት።

አንድ ነገር ለወጣት ሴቶች። ልጅ ለመውለድ እያሰባችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ቲኤስኤች ተመርመሩ። ካረገዛችሁ ደግሞ ወሩ እስኪገፋ አትጠብቁ፤ ማርገዛችሁን ባወቃችሁበት ቀን ለሐኪማችሁ ደውሉ። በእርግዝና የሚያስፈልገው የሌቮታይሮክሲን መጠን ከ25 እስከ 50 በመቶ ሊጨምር ይችላል፤ ጭማሪውም ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የፅንሱ ታይሮይድ ገና ሥራ ስለማይጀምር የሚያገኘው ሆርሞን የእናቱን ነው። ለእርግዝና የሚሰጠው ቫይታሚን ብረትና ካልሲየም አለበትና እሱንም ከጠዋቱ ኪኒን በ4 ሰዓት አርቁት። ሴሊኒየምም ሆነ ኬልፕ ያለበትን ማንኛውም ጠርሙስ ሐኪሙ ሳያየው አትክፈቱ።